ከኮምፓውንድ በኋላ የሚቀረው ሥራ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን «ስለ መኪና ፖሊሽ ሥራችሁ ለአባላት ተናገሩ» ስትለን መጀመሪያ ያሰብነው ማሽኑን የምትይዘው እህታችን እንድትናገር ነበር። እሷ ግን «እኔ በእጄ እንጂ በአፌ አላውቀውም» ብላ ነገሩን ወደ ሒሳብ ጠረጴዛው ገፋችው። ስለዚህ ዛሬ የምትሰሙት የሒሳብ ሠራተኛ ድምፅ ነው፤ የሚነገረው ግን የሰባታችንም ነው። ስንሠራም ስንሳሳትም አብረን ነን። ዛሬ በምንነግራችሁ ነገር ውስጥ ትልቁ ስሕተት የወጣው ከሒሳብ ጠረጴዛው መሆኑን ግን ከአሁኑ እናምናለን፤ ስንደርስበት ታዩታላችሁ።

የመጣንበትን መንገድ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከማኅበሩ ቁጠባ ተበድረን መኪና ማጠብ ጀመርን። እጥበት ብቻውን የውሃውንና የቤት ኪራዩን ከፍሎ የሚተርፈው ትንሽ ነው፤ ውሃ በጠፋበት ሳምንት ደግሞ ጭራሽ የለም። አንድ ጡረታ የወጡ ቀለም ቀቢ ሦስት ሳምንት አስተማሩንና ፖሊሽ ጨመርንበት። የመጀመሪያውን ማሽን፣ ያንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሽከረከረውን ከባዱን፣ በእቁባችን ገዛነው። ዛሬ ከመካከላችሁ ይህንኑ ሥራ ለመጀመር ብድር የጠየቃችሁ እንዳላችሁ ሰምተናል። የእኛን ኪሳራ ሰምታችሁ ብትጀምሩት ይሻላል ብለን ነው የመጣነው።

በቅድሚያ የመኪና ቀለም ምን እንደሆነ እንነጋገር፤ እኛም ስንጀምር አናውቀውም ነበርና። ላሜራው ላይ መጀመሪያ ፕራይመር ይነፋል፣ ከዚያ ቀለሙ፣ በቀለሙ ላይ ደግሞ ቀለም የሌለው እንደ መስታወት የሚያሳይ ሽፋን። ጋራዥ ውስጥ ክሊር ይሉታል። መኪናው የሚያበራው በእሱ ነው፤ ፀሐይ ቀለሙን እንዳትበላው የሚከላከለውም እሱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች ፀሐዩዋ ለቀለም አትራራም፤ ውጭ የሚያድር የሚውል መኪና ጣሪያና ኮፈን ቀድሞ የሚነጣው ለዚህ ነው። ከፋብሪካ በወጣ መኪና ላይ ይህ ክሊር ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ከራሳችሁ ላይ አንድ ፀጉር ብትነቅሉ፣ የአብዛኞቻችሁ ፀጉር ከዚያ ክሊር ይወፍራል።

ጭረት የምንለው እዚያ ስስ ክሊር ላይ የተቆፈረ ቦይ ነው። በደረቅ ጨርቅ አቧራ መጥረግ፣ አሸዋ በያዘ ስፖንጅ ማጠብ፣ ሕፃን በብስክሌት መሪ መግጨት፣ ሁሉም ቦይ ይቆፍራል። ፖሊሽ የሚያደርግ ሰው ያንን ቦይ አይሞላውም። በዙሪያው ያለውን ክሊር እየላገ እስከ ቦዩ ወለል ዝቅ ያደርገዋል። ጭረቱ የጠፋ የሚመስለው በአካባቢው የነበረው ከፍታ ስለጠፋ ነው። ይህ ሲገባን ከመካከላችን አንዷ «እንዴ! ታዲያ እኛ የምንሸጠው የሰውየውን የራሱን ክሊር ነው እኮ» አለች። በሒሳብ ቋንቋ ብናስቀምጠው ክሊር ማለት የእርጅና ቅናሽ የሚታሰብበት፣ ሲያልቅ ግን የማይተካ ንብረት ነው። በእያንዳንዱ ፖሊሽ ከላዩ እንቀንሳለን፤ የሚጨምርለት የለም።

ኮምፓውንድ ከሁሉም በላይ የሚልገው ነው። ሻካራ ዱቄት የተቀላቀለበት ወፍራም ቅባት ሆኖ፣ በሱፍ ፓድና በዚያ ከባድ ማሽን ሲሠራ የደነዘዘ ቀለም፣ የደረቀ የውሃ ጠብታ፣ በ2,000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት የተፈተገ ቦታ፣ ሁሉንም ጠራርጎ ያወጣል። ልብ ደስ የሚያሰኝ ሥራ ነው። ከግማሽ ሰዓት በፊት ኖራ የተቀባ የመሰለው ኮፈን ፊታችሁን ያሳያችኋል። ደንበኛም በዚያ ሰዓት ቢመጣ እጁን አፉ ላይ ይጭናል።

ችግሩ ኮምፓውንዱ የደንበኛውን ጭረት አንስቶ የራሱን ጭረት ጥሎ መሄዱ ነው። ማሽኑ በአንድ አቅጣጫ ስለሚዞር የሱፉ ክሮችና ዱቄቱ ክሊሩ ላይ ቀጫጭን፣ ጎን ለጎን የተሰለፉ ቀስት መሳይ መስመሮች ያሰምራሉ። ጥላ ውስጥ አይታዩም። በፍሎረሰንት መብራት ሥርም አይታዩም። ፀሐይ በቀጥታ ስታርፍባቸው ግን ሁሉም ብርሃኑን ወደ አንድ ወገን ስለሚመልሱ ኮፈኑ ላይ የሚንቀሳቀስ የብርሃን ጅራፍ ይመስላሉ። ቀለሙ ጥቁር ወይም ጥልቅ ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ነጭና ብርማ መኪና ብዙ ይሸሽጋል። ያስተማሩን ቀለም ቀቢ እነዚህን መስመሮች ለማንሳት በመካከለኛ ፖሊሽና በስፖንጅ፣ ቀጥሎም በልም ማጠናቀቂያ ፖሊሽና በለስላሳ ስፖንጅ እንድንመለስበት ነግረውናል። ነግረውናል፤ እኛም ጽፈነዋል። ደብተሩ አሁንም አለ።

አሁን ወደ ሒሳብ ጠረጴዛው እንምጣ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የሥራ ሰዓታችንን በወረቀት ላይ ዘረዘርነው። አንድ ሙሉ መኪና እጥበቱን ጨምሮ የ10 ሰዓት ሥራ ይወስድ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ 4 ሰዓቱ ከኮምፓውንድ በኋላ ባሉት ሁለት ደረጃዎች ላይ ይሄዳል። ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብለን ስናየው 4 ሰዓት ሙሉ ምንም የማይታይ ለውጥ ይሠራል። ከመጀመሩ በፊትም መኪናው ያበራል፣ ካለቀም በኋላ ያበራል። የቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፣ መብራታችን ፍሎረሰንት ነው፤ ታዲያ ምኑ ይታየን? «ይህ ወጪ ያለ ገቢ ነው» አልን። ከኮምፓውንድ ቀጥሎ ጭረት የሚሸፍን ዘይት ያለበት ሰም እንቀባና መኪናውን እናስረክብ ብለን ወሰንን። በዕድሜ ትልቋ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት፣ ብቻዋን ተቃወመች። «ልጆቼ፣ ግርድፉን አስቀርታችሁ ዱቄት አትበሉት፤ ወፍጮ ላይ የተቀመጠች ሴት መጀመሪያ ትሸረክታለች፣ ከዚያ ትሰልቃለች» አለችን። ሰማናት፣ ሳቅን፣ አለፍን። ሁለት ወር ያህል በዚያ ሠራን። ወረቀቱ ላይ ትርፋችን አደገ።

በጥር፣ ሠርግ በሚበዛበት ወር፣ አንድ የሠፈራችን አባወራ ጥቁር ኮሮላ ይዘው መጡ። የእህታቸው ልጅ እሑድ ልታገባ ነው፤ ሙሽሮቹ የሚሄዱት በእሳቸው መኪና ነው። ሐሙስ ተቀብለን ዓርብ ማታ አስረከብን። በመብራታችን ሥር ኮፈኑ ላይ መልካቸውን አይተው «እግዜር ይስጣችሁ፣ አዲስ አደረጋችሁት» ብለው ከተስማማነው በላይ ሰጡን። ቅዳሜ ቤታቸው ልጆቹ በደግነት እንደገና አጠቡት፤ በልብስ ሳሙና ዱቄት። ሰማችንና ዘይቱ ከአረፋው ጋር ወረደ። እሑድ እኩለ ቀን ላይ፣ ዳመና በሌለበት፣ ሙሽራዋ ከኮፈኑ አጠገብ ቆመች።

ሰኞ ጠዋት መጡ። አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይቀለን ነበር። ስልካቸውን አወጡና «እናንተ ልጆች፣ ሸረሪት ነው ያደራበት ወይስ ዓይኔ ነው?» አሉ። ፎቶው ላይ በነጭ ቬሎው ጀርባ፣ በጥቁሩ ኮፈን ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር የቀስት ቀስት መስመር ያበራል። መኪናውን ከቆርቆሮው ሥር ገፍተን ወደ ፀሐይ አወጣነው። ሁሉም በር፣ ጣሪያው፣ የኋላ ክዳኑ፣ እንደዚያው ነበር። ማሽኑ የሄደበትን መንገድ በጣት ተከትሎ መናገር ይቻል ነበር፤ እዚህ ጋ ደክሟት ቆማለች፣ እዚህ ጋ ዞራለች እያሉ። ያን ቀን ከመካከላችን ማሽኑን የያዘችው እህታችን ፊቷን አዞረች። ጥፋቱ ግን የእሷ አልነበረም። እሷ የታዘዘችውን ሠርታለች።

ሰውየውን ወንበር ሰጥተን ሻይ ካቀረብን በኋላ ወደ ጓዳ ገብተን ተከራከርን። የተባለውን ሁሉ እንንገራችሁ፤ ማፈር ካለብን እንፈር። አንዷ «ያንኑ ሰም በወፍራሙ እንቀባውና ይሂዱ» አለች። ሌላዋ «መኪናው ዳግመኛ የተቀባ ነው፣ የቀለሙ ጥፋት ነው እንበላቸው፤ ግማሹ እውነት ነው» አለች። ከሒሳቡ ወገን ያለነው ደግሞ ገንዘቡን መልሰን ብንገላገል ይሻላል አልን፤ ከሁሉም የሚረክሰው እሱ ስለነበረ። እትዬ «ገንዘቡን ብትመልሱላቸው የተላገውን ማን ይመልስላቸዋል?» ብላ ጠየቀች። መልስ አልነበረንም። ወጥተን እውነቱን ነገርናቸው፤ ሁለት ደረጃ ዘለን ነው ያስረከብንዎ፣ ያለ ክፍያ እንጨርሰው አልናቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ሠርጉ ግን አይደገምም» አሉ። ቁልፉን ሰጡን።

ከመጀመራችን በፊት ከጎረቤት ጋራዥ የቀለም ውፍረት መለኪያ ተዋስን። መለኪያው የሚያሳየው የፕራይመሩን፣ የቀለሙንና የክሊሩን ድምር ነው። በላሜራ ላይ እንጂ በፕላስቲክ ፓራውልት ላይ አይሠራም። አንደኛው በር 230 ማይክሮን አሳየ፤ ተመትቶ የተቀባ መሆኑ ነው። ኮፈኑ ግን በአንዳንድ ቦታ 95 አሳየ። ከፋብሪካ የወጣ ቀለም ድምር ብዙውን ጊዜ ከ100 በላይ ስለሆነ ኮፈኑ ላይ ከእኛ በፊትም ሌሎች እንደላጉበት ገባን። በዚያን ሰዓት በድንጋጤ ኮምፓውንዱን ደግመን ብናነሳ ኖሮ ክሊሩን በስተን ቀለሙ ላይ በደረስን ነበር። ደግነቱ ኮምፓውንድ ጥሎት የሄደው ጭረት ጥልቅ አይደለም፤ እሱን ለማንሳት ኮምፓውንድ አያስፈልግም፣ መካከለኛው ፖሊሽና ስፖንጁ ይበቃሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። መስመሩን አይቶ «አልጠፋም» ይልና የበለጠ ሻካራውን ያነሳል።

አሁን የምንሠራበትን መንገድ እንንገራችሁ። እዚህ ላይ ትንሽ እናመሻለን፤ ቡናው ይጠብቀን።

መኪናው ኮምፓውንድ ከተደረገ በኋላ እንደገና ይታጠባል። ኮምፓውንድ ሲደርቅ እንደ ጤፍ ዱቄት ይበናል፤ በበር ክፍተት፣ በመስታወቱ ጎማ ሥር፣ በመብራቱ ዙሪያ ይደበቃል። ከዚያ አንዲት ቅንጣት በማጠናቀቂያው ሰዓት ስፖንጁ ሥር ብትገባ ድካሙ ሁሉ ገደል ገባ። በዚሁ ምክንያት ፎጣዎቻችንን በቀለም ለይተናል፤ ለኮምፓውንድ ቀይ፣ ለመካከለኛው ሰማያዊ፣ ለመጨረሻው ነጭ ማይክሮፋይበር። የሱፍ ፓዱ ለብቻው ከረጢት ውስጥ ይገባል። መሬት የወደቀ ነጭ ፎጣ ቢራገፍም ወደ ሥራ አይመለስም፤ ወደ ጎማ መጥረጊያነት ይወርዳል። መጀመሪያ ሰሞን ይህንን ሕግ ያወጣችውን እህታችንን «ንጽህና አበዛሽ» ብለናት ነበር።

ቀጥሎ መሞከሪያ ቦታ አለ። ኮፈኑ ላይ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ቦታ በወረቀት ፕላስተር ከልለን ሁሉንም ደረጃ እስከ መጨረሻው እዚያ ላይ ብቻ እንሠራለን። ከዚያ መኪናውን ወደ ፀሐይ ገፍተን እናያለን። አንዱ መኪና ክሊሩ ጠንካራ ነው፣ ሁለቱንም ደረጃ ይፈልጋል፤ ሌላው ለስላሳ ስለሆነ በመካከለኛው ስፖንጅ ራሱ ይጫራል። ይህንን መሞከሪያው ቦታ ላይ ማወቅና አሥሩም ላሜራ ላይ ማወቅ እኩል አይደሉም። የዚያን ጥቁር መኪና አንድ ጥግ እንኳን እንዲህ አይተን ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንነግራችሁ ነገር አይኖርም ነበር።

በአንድ ጊዜ የምንሠራው ያንኑ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ነው። ስፖንጁ ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ጠብታ አራት ወይም አምስት ቦታ እናስቀምጣለን። ማሽኑን ከመክፈታችን በፊት ስፖንጁን ቀለሙ ላይ አሳርፈን ቅባቱን እንነካካዋለን፤ አለበለዚያ ግድግዳውና እኛ ፖሊሽ እንሆናለን። ከዚያ በዝግታ፣ በሰከንድ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር፣ እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን በግማሽ እየደረበ፣ መጀመሪያ ወደ ጎን ከዚያ ወደ ታች፣ አራት ጊዜ ያህል። የመጨረሻው ዙር በማሽኑ ክብደት ብቻ ነው፤ እጅ አይጫንም።

መጫን የሁላችንም በሽታ ነበር። ምጣድ አስሶ፣ ድስት ፈትጎ ያደገ ክንድ ያልለቀቀ ነገር ሲያይ ይጫናል። በማጠናቀቂያ ላይ ግን መጫን ስፖንጁን አፍኖ አዲስ መስመር ያወጣል። አሁን በእቁብ ሁለተኛ ዙር የገዛነው ማሽን እየዞረ ደግሞም የሚርገበገብ ዓይነት ነው። ሁለት እንቅስቃሴ ስላለው ጭረቱን በአንድ አቅጣጫ አያሰልፈውም፤ ስለዚህ ያ ጅራፍ መሳይ ብርሃን አይወጣም። ይህ ማሽን ከተጫኑት መዞሩን ያቆምና መርገብገብ ብቻ ይሆናል፤ ድምፁ ስለማይለወጥ አይታወቅም። ዘዴው ቀላል ነው። ስፖንጁ የሚለጠፍበት ሰሐን ጠርዝ ላይ በማርከር አንድ ጥቁር መስመር አስምሩ። መስመሩ ሲዞር ካያችሁ ሥራ እየተሠራ ነው፤ ቆሞ ካያችሁት እጃችሁን አቅልሉ። ለጀማሪ አሰልጣኝ ከመቅጠር ይህቺ መስመር ትረክሳለች።

ከባዱ ማሽን ብቻ ያላችሁ አትጨነቁ፤ በእሱም መጨረስ ይቻላል። የኮሮላውን ሥራ ያስተካከልነው በእሱ ነው። ፍጥነቱን በደቂቃ ወደ 1,000 ወይም 1,200 ዙር አውርዱ፣ ስፖንጁ ሙሉ ፊቱ ቀለሙ ላይ ይረፍ፣ አይዘንብል። ግን ክንድ ይጠይቃል፤ ትከሻችንን ለሳምንት አመመን።

ሌሎቹን በአጭሩ እናልፋቸዋለን። በየክፍሉ መካከል ስፖንጁ በብሩሽ ይራገፋል፣ ከሁለት ላሜራ በኋላ ይቀየራል፤ የተላገው ክሊር ስፖንጁ ላይ ሲጋገር ራሱ ይጭራል። በፀሐይ ላይ አይሠራም። የእጃችሁን ጀርባ ቀለሙ ላይ አሳርፉ፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ቁሙና ይብረድ። ፕላስቲኩ ፓራውልት ሙቀቱን እንደ ላሜራ ስለማያሰራጭ ቶሎ ይግላል። የበርና የኮፈን ጠርዝ ላይ ክሊሩ ስስ ስለሆነ በፕላስተር ይሸፈናል። ነጠላ ይወልቃል፣ የሻሽ ጫፍ ይታሰራል፣ ፀጉር ይሸፈናል። መብራት በመሃል ቢሄድ ቅባቱ ሳይደርቅ ወዲያው ይጠረጋል፤ ይህንን የጻፈ መጽሐፍ አላየንም፣ ሠፈራችን ነው ያስተማረን። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ደግሞ ግዴታ ነው፤ ያ ዱቄት የማንም ሳንባ ውስጥ ሥራ የለውም።

ከሁሉ በላይ የለወጠን ግን አልኮል ነው። የሕክምና አልኮል ገዝተን አንዱን እጅ በስድስት እጅ ውሃ ቀጥነን በመርጫ ጠርሙስ እንይዛለን። አብዛኛው ፖሊሽ ዘይት አለው፤ ዘይቱ ትንንሹን ጭረት ሞልቶ ለሠራተኛዋም ይዋሻታል። አልኮሉን ረጭተን በንጹሕ ፎጣ ስንጠርገው ዘይቱ ይነሳና እውነተኛው ቀለም ይቀራል። ከዚያ መብራት አጥፍተን በእጅ ባትሪ ከጎን እናያለን፣ ቀጥሎ ወደ ፀሐይ ገፍተን እናያለን። ሰም የሚቀባው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው፤ ለመከላከያ እንጂ ለመሸፈኛ አይደለም። አሁን በቤታችን ሕግ ሆኖ የተለጠፈው ይህ ነው፤ ማንኛውም መኪና በአልኮል ሳይጠረግና ፀሐይ ሳያየው አይወጣም። ዳመና ከሆነ ደንበኛው እስከ ነገ ይጠብቃል። የቀጠሯችንን ወረቀት በዚሁ ምክንያት ቀይረነዋል።

ያንን ኮሮላ ለማስተካከል ሁለት ሙሉ ቀን ፈጀብን። በነዚያ ቀናት የመለስናቸውን ደንበኞች፣ የፖሊሹን፣ የስፖንጁን ዋጋና የራሳችንን የቀን አበል ስንደምረው የዚያ ወር ትርፋችን ግማሽ ሄደ። ሁለት ወር ሙሉ በየመኪናው 4 ሰዓት «ያተረፍነው» ምን ያህል እንደሆነ ደግሞ ሌላ ወረቀት ላይ አስልተን አስቀምጠነዋል፤ ማየት የምትፈልግ ካለች መዝገቡ ክፍት ነው። በነዚያ ሁለት ወራት የሠራንላቸውን ሌሎች ደንበኞችም ስልክ ደወልንላቸው። ከዘጠኙ አምስቱ መጡና ጨረስንላቸው፤ ሦስቱ «እኛ ምንም አላየንም» አሉ፤ አንዱ መኪናውን ሸጦት ነበር። እሱ ላይ ምን እንደምናስብ እስካሁን አልተስማማንም።

ዋጋውንም ቀይረናል። ቀድሞ «ኮምፓውንድ» እና «ፖሊሽ» በዋጋ ዝርዝራችን ላይ በሁለት መስመር ተጽፈው ደንበኛው ርካሹን ይመርጥ ነበር። አሁን አንድ መስመር ናቸው። ኮምፓውንድ ለብቻው አንሸጥም። ስለዚህ ነገር በመካከላችን አሁንም ክርክር አለ፤ አንዳንዶቻችን «የታክሲ ሥራ የሚሠራ ሰው ያን ሁሉ ከየት ይክፈል?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ለእሱ መልስ ያደረግነው ኮምፓውንዱን መተው ነው። በመካከለኛው ፖሊሽና ስፖንጅ አንድ ጊዜ ብቻ እንሠራለታለን፤ ጥልቅ ጭረቱ ይቀራል፣ ቀለሙ ግን ይነቃል፣ ክሊሩም ብዙ አይጎዳም፣ 4 ሰዓት አይሞላም። እንደሚቀር አስቀድመን በጣት እናሳየዋለን። እስካሁን የተቆጣን የለም።

እምቢ ያልነውም መኪና አለ። አንድ አሮጌ ቀይ መኪና መጣልንና መሞከሪያው ቦታ ላይ ስፖንጁ ቀይ ሆነ። ስፖንጅ ነጭ ወይም ግራጫ ቅባት እንጂ ቀለም ይዞ ከወጣ፣ ወይ ክሊር የሌለው የድሮ ቀለም ነው፣ ወይ ክሊሩ አልቋል። ክሊር የሌለው ቢሆን በጥንቃቄ ይሠራ ነበር፤ ይህኛው ግን ጠርዙ ላይ ክሊሩ እንደ ቆዳ ይላጥ ነበር። «የእኛ ሥራ አይደለም፣ የቀለም ቀቢ ነው» ብለን ሸኘናቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ጎረቤታቸውን ላኩልን።

የጥቁሩ ኮሮላ ባለቤት ደግሞ በፋሲካ ሰሞን ተመልሰው መጡ፤ ለእጥበት ብቻ። እስካሁንም ለእጥበት ብቻ ነው የሚመጡት። እኛም ስለ ፖሊሽ አናነሳባቸውም፤ ኮፈኑ ከእንግዲህ ብዙ የሚችለው ነገር እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። በእጅ ሰም ቀብተን እንሸኛቸዋለን፤ ያንን አናስከፍልም፣ በመዝገቡም ላይ በራሱ መስመር ይጻፋል።

ይኸው ነው ይዘን የመጣነው። ከሶማሌ ተራ ለመለማመጃ የገዛነው አሮጌ ጥቁር ኮፈን በረንዳው ላይ አለ። በመሃሉ ፕላስተር ተለጥፎበታል። ግራው ኮምፓውንድ ብቻ የተደረገ ነው፣ ቀኙ እስከ መጨረሻው የተጨረሰ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን ውጭ ያቆምነው ሆን ብለን ነው፤ ወደ ስድስት ሰዓት ስለሆነ ፀሐዩ አሁን ልክ ነው። ቡናው እስኪቀዳ ወጥታችሁ እዩት፤ መለኪያውን፣ አልኮሉንና ሁለቱንም ስፖንጅ አጠገቡ አስቀምጠናል። መንካት የምትፈልጉ ቀለበታችሁን አውልቁልን።